የጦር ሰፈር ማንን ይጠብቃል? ከቃኘው እስከ ጅቡቲ

ይህን የምጽፍላችሁ ከናይሮቢ፣ ከኪሌሌሽዋ ነው። እንደምታውቁት እኔ የካምፕ መምህር ነኝ። ለሕክምና ሙቭመንት ፓስ አግኝቼ መጥቼ አክስቴ ዘንድ አርፌያለሁ። ልመጣ ስል፣ ከሰዓት በኋላ ለልጆቻችን አማርኛ በማስተምርበት ክፍል አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እጁን አወጣና እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ አሜሪካም ቻይናም ፈረንሳይም ጅቡቲ ላይ ጦር አላቸው አይደል? ታዲያ ለምን የእኛን ሀገር ጦርነት አያስቆሙም? ቅርብ አይደሉም እንዴ?»

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አንብቤ እነግራችኋለሁ» ብዬ አለፍኩት። ግን ጥያቄው የልጅ ብቻ አይደለም። ውኃ ስንቀዳም ቡና ስንጠጣም «እገሌ የሚባል ትልቅ ሀገር ቤዝ ሊከፍት ነው፣ ከዚያ በኋላ ሰላም ይሆናል» የሚል ወሬ እንሰማለን። አንድ ጎረቤታችን ይህን የመሰለ ወሬ አምኖ፣ ወደ ሀገር ሊመለስ ፍራሹንና ምድጃውን ሸጠ። ወሬው ወሬ ሆኖ ቀረ፣ እሱም ያለ ፍራሽ ከረመ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ብናውቀው ይጠቅመናል ብዬ ያነበብኩትን እንዲህ አሰባስቤዋለሁ። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ በእኛ ስቆጥር «ዓ.ም.» እላለሁ።

የውጭ ጦር ሰፈር ምንድን ነው?

አንድ ሀገር በሌላ ሀገር መሬት ላይ ወታደሩንና መሣሪያውን የሚያኖርበት ቦታ የውጭ ጦር ሰፈር ይባላል። ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ቋሚ ሰፈር አለ፤ ወታደሩ እዚያው ያድራል፣ አውሮፕላኑ ከዚያው ይነሣል። የመጠቀም ፈቃድም አለ፤ መርከብ ነዳጅ ሊቀዳ፣ አውሮፕላን ሊያርፍ ብቻ በውል ይፈቀድለታል። የሥልጠና ቦታም አለ። እንዲሁም ተኩስ የማይሰማበት፣ ሥራው የሌሎችን የሬዲዮ መልእክት ማዳመጥ ብቻ የሆነ ሰፈር አለ።

ኃያላን መንግሥታት ይህን ሁሉ ወጪ የሚያወጡት በአብዛኛው በአራት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ነዳጅና ሸቀጥ የሚያልፍበትን የባሕር መንገድ ለመጠበቅ። ሁለተኛ፣ ጠላት የሚሉት ምን እንደሚያወራ ለማዳመጥ። ሦስተኛ፣ ጦርነት ቢነሣ ከሩቅ ሳይሆን ከቅርብ ለመነሣት። አራተኛ፣ ተቀናቃኛቸው ቀድሞ ቦታውን እንዳይዘው። ከአራቱ ውስጥ «የአካባቢውን ሕዝብ ሰላም ማድረግ» የሚል እንደሌለበት ልብ በሉልኝ። አንዳንዴ በንግግር ላይ ይጨመራል፤ ቦታው የሚመረጠው ግን በእሱ አይደለም።

ቃኘው፦ የራሳችን ታሪክ

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ነገር ከሩቅ የምናየው ይመስለናል እንጂ በደንብ ኖረንበታል። አስመራ ላይ ጣሊያን የባሕር ኃይል የሬዲዮ ጣቢያ ነበረው፣ ራዲዮ ማሪና የሚባል። ጣሊያን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተሸነፈ በኋላ፣ በ1943 አሜሪካኖች ገቡበት። አስመራ ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ ለምድር ወገብም የምትቀርብ ከተማ ስለሆነች የሬዲዮ ሞገድ በደንብ ይሰማባታል። ቦታዋ ነው የተፈለገው።

በ1952 ኤርትራ በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሐደች። ሕዝቡ ድምፅ እንዲሰጥበት አልተደረገም። አሜሪካ ፌዴሬሽኑን ከደገፈችባቸው ምክንያቶች አንዱ ያ የሬዲዮ ጣቢያ ነበር። ወዲያው በሚቀጥለው ዓመት፣ ግንቦት 14 ቀን 1945 ዓ.ም. (በ1953 መሆኑ ነው) ኢትዮጵያና አሜሪካ ውል ተፈራረሙ። አሜሪካ ሰፈሩን ለ25 ዓመት ትጠቀማለች፤ ኢትዮጵያ ደግሞ የጦር መሣሪያና ሥልጠና ታገኛለች። ሰፈሩ «ቃኘው» ተባለ። ስሙ የተወሰደው ኮሪያ ከዘመተው ከቃኘው ሻለቃ ነው፤ የሻለቃው ስም ደግሞ ከራስ መኮንን የፈረስ ስም፣ ከአባ ቃኘው የመጣ ነው።

ውሉ ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ትንሽ ነገር አልነበረም። አሜሪካ በ1960 አርባ ሺህ የሚደርስ ሠራዊት ለማስታጠቅ ቃል ገባች። በእነዚያ ዓመታት ለአፍሪካ ከሰጠችው የጦር እርዳታ ግማሽ ያህሉን የወሰደችው ኢትዮጵያ ነበረች። ያ መሣሪያ ግን በድንበር ብቻ አልቆመም። በ1961 ኤርትራ ውስጥ የትጥቅ ትግል ሲጀመር፣ ለሠላሳ ዓመት በቆየው ጦርነት ላይም ዋለ።

እዚህ አክስቴ ጋ ቡና ሊጠጡ የሚመጡ አንድ አዛውንት አሉ፣ ልጅነታቸውን አስመራ ያሳለፉ። «ጋሼ፣ ቃኘውን ያስታውሱታል?» ስላቸው ሳቁ። ታላቅ ወንድማቸው እዚያ ልብስ አጣቢ ነበር። «ደመወዙ ቤቱን በሙሉ ያበላ ነበር» አሉኝ። «አንድ ቀን ሰዎቹ ሄዱ። ወንድሜ በጠዋት ተነሥቶ በልማዱ በሩ ድረስ ሄዶ ተመለሰ።»

ለምን ሄዱ? በሁለት በኩል ነው። በአንድ በኩል ሳተላይት መጣ፤ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ደግሞ ዲዬጎ ጋርሺያ የምትባል ደሴት ላይ አዲስ ሰፈር ተሠራ። ስለዚህ ቃኘው ለአሜሪካ እንደ ድሮው አያስፈልጋትም ነበር፤ ራሷም ልትዘጋው አስባ ነበር። በሌላ በኩል በየካቲት 1977 የፕሬዚዳንት ካርተር መንግሥት በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት ለደርግ የሚሰጠውን እርዳታ ቀነሰ። ሚያዝያ 15 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ቃኘውን ጨምሮ የአሜሪካ የጦር ተቋማት እንዲዘጉ አዘዘ። አሜሪካኖቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወጡ። የ25 ዓመቱ ውል ሊያልቅ አንድ ዓመት ነበር የቀረው።

ወዳጅና ጠላት ቦታ ሲቀያየሩ

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለተማሪዬ ጥያቄ ዋናው መልስ ይመስለኛል። በዚያው ጊዜ ሶቪየት ኅብረት የሶማሊያ ወዳጅ ነበረች። በርበራ ላይ የባሕር ኃይል ሰፈርና ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የአውሮፕላን ማረፊያ ሠርታለች፤ የሶማሊያን ጦርም ያስታጠቀችው እሷው ነች። በሐምሌ 1977 የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ። ሶቪየት ኅብረት ሁለቱንም ልታስታርቅ ሞክራ አልሆነላትም። በመጨረሻ ብዙ ሕዝብ ያላትን ኢትዮጵያን መረጠች።

ሶማሊያ ኅዳር 4 ቀን 1970 ዓ.ም. ሶቪየቶችን አባረረች፣ በርበራንም ዘጋችባቸው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ አዲስ አበባ የሶቪየት መሣሪያ በአውሮፕላን ይጎርፍ ጀመር፣ ከአሥር ሺህ በላይ የኩባ ወታደሮችም መጡ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተመለሰች። እስቲ አስቡት፦ በሁለቱም በኩል የሞተው ወታደር ከያዘው መሣሪያ ብዙው ከአንድ ሀገር ፋብሪካ የመጣ ነበር። ሶቪየት ኅብረት በርበራን ብታጣ፣ ዳህላክ ደሴቶች ላይ ኖኩራ ውስጥ ሌላ የባሕር ኃይል ጣቢያ አገኘች። አሜሪካ ደግሞ አስመራን ብታጣ፣ በ1980 ሶቪየቶች በለቀቋት በርበራ የመጠቀም ፈቃድ አገኘች። ሁለቱ ኃያላን ቤት ተቀያየሩ ማለት ነው።

ሕዝቡስ? ከኦጋዴን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደ ሶማሊያ ተሰድዶ ካምፕ ገባ። ለእሱ ምትክ ቦታ የፈለገለት አልነበረም።

ጅቡቲ፦ የተከራዮች ግቢ

አሁን ወደ ጅቡቲ እንምጣ። ከጅቡቲ አጠገብ ያለው ባብ ኤል ማንደብ የሚባለው የባሕር መተላለፊያ በጠባቡ በኩል ወደ 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ስፋቱ። በስዊዝ ቦይ በኩል በአውሮፓና በእስያ መካከል የሚመላለስ መርከብ ሁሉ በዚያ ያልፋል። ፈረንሳይ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ እዚያ ናት፤ ጅቡቲ በ1977 ነጻ ስትወጣም ጦሯ አልወጣም። አሜሪካ ከ2001ዱ የመስከረም ጥቃት በኋላ ካምፕ ሌሞኒዬ ገባች፤ አሁን ወደ 4,000 ሰው አላት። ጃፓን በ2011፣ ጣሊያን በ2013፣ ቻይና ደግሞ በነሐሴ 2017 ሰፈር ከፈቱ። ለቻይና ከሀገሯ ውጭ የመጀመሪያው በይፋ የተከፈተ ጦር ሰፈር ይህ ነው።

እዚህ ኪሌሌሽዋ የድሮዎቹ ባለ አትክልት ቤቶች እየፈረሱ በየቦታው ፎቅ ይሠራል። አንድ ፎቅ ላይ ሕንዳዊም፣ ፈረንጅም፣ ሱዳናዊም፣ ሀበሻም ይኖራል። እርስ በርስ ላይነጋገሩ ይችላሉ፣ ሁሉም ግን ኪራዩን ይከፍላል። የጅቡቲ መንግሥትም እንዲሁ ነው የሚኖረው። በ2014 በታደሰው ውል አሜሪካ ብቻ በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ትከፍላለች። ለአንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ላላት ሀገር ቀላል ገንዘብ አይደለም። ብዙ ተከራይ ስላላትም አንዱ ብቻውን ሊያዛት አይችልም። ይህን ጥበብ ልንነፍጋት አይገባም።

ግን ተከራይ የጎረቤት ቤት ሲቃጠል ለማጥፋት ግዴታ የለበትም። ሚያዝያ 2023 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ምን እንደሆነ እናስታውስ። የአሜሪካ ሄሊኮፕተሮች ከጅቡቲ ተነሥተው፣ ኢትዮጵያ ላይ ነዳጅ ቀድተው፣ በሌሊት ካርቱም ገቡና መቶ የማይሞሉ የኤምባሲ ሰዎችን ይዘው ወጡ። ፈረንሳይም የራሷንና የሌሎች ሀገሮችን ዜጎች በጅቡቲ በኩል አወጣች። በዚያው ጊዜ ሱዳን ውስጥ በስደት የነበሩ ወገኖቻችን በእግራቸውና ባገኙት መኪና ወደ መተማ እየሸሹ ነበር። ይህን የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም። ሰፈሩ የተሠራው ለዚያ ሥራ ነው፣ ሥራውንም ሠራ። ለእኛ ነው የተሠራው ብለን ከጠበቅን ግን ስህተቱ የእኛ ይሆናል።

ሌሎችም ምሳሌዎች አሉ። የተባበሩት አረብ ኤሚሬቶች ከ2015 ጀምሮ አሰብን ለየመን ጦርነት መነሻ አደረገች፤ በ2021 ዕቃዋን ነቅላ መውጣት ጀመረች። አሜሪካም ከ2011 ጀምሮ ከአርባ ምንጭ ድሮን ታበር ነበር፤ በ2015 አቆመች። ሁለቱም የመጡት ለራሳቸው ሥራ ነው፣ የሄዱትም ሥራው ሲያልቅ ነው። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ኢትዮጵያም በጥር 2024 ከሶማሌላንድ ጋር በተፈራረመችው የመግባቢያ ሰነድ የባሕር በርና የባሕር ኃይል ቦታ ፈልጋለች። ሶማሊያ ሉዓላዊነቴ ተደፈረ ብላ ተቆጣች፤ ታኅሣሥ 2024 አንካራ ላይ ሁለቱ መሪዎች ተስማምተናል አሉ። የፈላጊነት ስሜቱ የኃያላን ብቻ አይደለም ማለት ነው።

እዚህ ኬንያስ?

የምንኖርበት ሀገርም ከዚህ ውጭ አይደለም። በ1979 የኢራን አብዮት ተነሥቶ፣ በዓመቱ መጨረሻ ሶቪየት ኅብረት አፍጋኒስታን ስትገባ፣ አሜሪካ በሚቀጥለው ዓመት ከኬንያም ጋር የመጠቀም ውል ተዋዋለች። ዛሬ ላሙ አካባቢ ማንዳ ቤይ ላይ የአሜሪካ ወታደሮች አሉ። ጥር 5 ቀን 2020 አል ሸባብ ያንን ሰፈር አጥቅቶ ሦስት አሜሪካውያን ተገደሉ። ሰፈር ባለበት ጥቃትም ሊመጣ እንደሚችል ይህ ያሳያል።

ከናይሮቢ ወደ ሰሜን 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ናንዩኪ አለች፤ የብሪታንያ ጦር የሚሠለጥንባት። አክስቴ የምትሠራበት ግቢ ጠባቂ፣ አስካሪው፣ የዚያ አካባቢ ሰው ነው። «ወታደሮቹ ሲመጡ ገበያው ይሞቃል፣ ታክሲውም ሆቴሉም ይሠራል። ሲሄዱ ይቀዘቅዛል» አለኝ። ጥቅሙን አልካደም። ግን ሁለት ነገር አነሣልኝ፤ ሁለቱም በጋዜጣ የወጡ ናቸው። መጋቢት 2021 ሎልዳይጋ በሚባል ቦታ በሥልጠና ላይ እሳት ተነሥቶ ሰፊ መሬት አቃጠለ፣ ነዋሪዎቹም ከስሰዋል። ሁለተኛው፣ በ2012 አንዲት ወጣት እናት ተገድላ አስከሬኗ ሆቴል ውስጥ በፍሳሽ ጉድጓድ ተገኘ። የናይሮቢ ፍርድ ቤት በጉዳዩ ለአንድ እንግሊዛዊ የመያዣ ትእዛዝ ያወጣው በመስከረም 2025 ነው፤ ከ13 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ለሰፈር ሲባል የተሰደዱ

ቅድም ዲዬጎ ጋርሺያን ጠቅሼ ነበር፤ ቃኘውን የተካችው ደሴት። እሷም ሰው ነበረባት። የቻጎስ ደሴቶች ነዋሪዎች ይባላሉ። ብሪታንያ በ1966 ደሴቲቱን ለአሜሪካ ለመስጠት ተዋዋለች፤ ከ1968 እስከ 1973 ባሉት ዓመታት ነዋሪዎቹን በሙሉ አስወጥታ ሞሪሸስና ሲሼልስ ላይ አራገፈቻቸው። ከሺህ በላይ ሰዎች ናቸው። ውሾቻቸው ሳይቀሩ ተገድለዋል። በ2019 ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ብሪታንያ ደሴቶቹን ልትለቅ ይገባል የሚል የምክር አስተያየት ሰጠ። በግንቦት 2025 ብሪታንያና ሞሪሸስ ውል ተፈራረሙ፦ ሉዓላዊነቱ ለሞሪሸስ፣ ዲዬጎ ጋርሺያ ግን ለ99 ዓመት ጦር ሰፈር ሆና ትቀጥላለች። እናንተ ካምፕ ውስጥ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ሁሉ ይገባችኋል፤ ያቺ ከደሴቷ ልጅ ሆና የወጣች ሴት ዛሬ አያት ናት።

አስተናጋጁ ሀገር ተከራዩን ማስወጣት ይችላል? አንዳንዴ ይችላል። ኢትዮጵያና ሶማሊያ በ1977 አደረጉት፤ ኒጀርም አድርጋው አሜሪካ በነሐሴ 2024 ከአጋዴዝ ወጣች። አንዳንዴ ግን አይቻልም። ኩባ በ1903 ጓንታናሞን ለአሜሪካ አከራየች፤ ውሉ የሚፈርሰው ሁለቱም ሲስማሙ ነው። አሜሪካ በየዓመቱ 4,085 ዶላር ቼክ ትልካለች፣ የኩባ መንግሥት ግን ከአብዮቱ ዓመት በቀር አልመነዘረውም። ተከራዩ ግን አሁንም እዚያው አለ።

ወሬ ስትሰሙ የምትጠይቁት

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ «እገሌ ቤዝ ሊከፍት ነው» ሲባል፣ ከመደሰትም ከመደንገጥም በፊት እነዚህን እንጠይቅ፦

1. ውሉን ማን ፈረመው? ሕዝብ ወይም ፓርላማ አይቶታል?
2. ለስንት ዓመት ነው? ኪራዩስ ወደ ማን ኪስ ይገባል?
3. ወታደሩ ወንጀል ቢሠራ በየትኛው ሀገር ፍርድ ቤት ይዳኛል?
4. ከዚያ ተነሥቶ የሚመታው ማንን ነው? ያ የሚመታውስ አጸፋውን በማን ላይ ይመልሳል?
5. ጥቅሙ ሲያልቅ ለአካባቢው ሰው ምን ይቀርለታል?

ወደ ሀገር ስለመመለስ የምትወስኑ ደግሞ የጦር ሰፈር ወሬ ላይ አትመሥረቱ። ተኩስ ያቆሙት ወገኖች ተፈራርመዋል ወይ? ከራሳችሁ ቀበሌ ስልክ የሚያነሣ ዘመድ «ገበያው ተከፍቷል፣ መንገዱም ሰላም ነው» ይላል ወይ? በፈቃደኝነት የመመለስ ሂደት በዩኤንኤችሲአር በኩል በይፋ ተነግሯል ወይ? እነዚህ ሳይመለሱ ካርዳችሁን አታስረክቡ፣ ፍራሻችሁንም አትሽጡ።

ለተማሪዬ የምሰጠው መልስ አጭር ነው፦ ቅርብ ናቸው፣ ግን የመጡት ለመንገዱ ነው፤ ለእኛ አይደለም። ጦርነት የሚቆመው በሚዋጉት ሰዎች ስምምነት ነው። የሩቅ ሀገር ሊያግዝ ይችላል፣ ጥቅሙ ከእኛ ሰላም ጋር የገጠመለት ቀን። ያንን ቀን ግን እኛ አንቆርጥለትም።

ሕክምናዬን ሳልጨርስ አልመለስም። ከመመለሴ በፊት ከተማ ወርጄ የአፍሪካን ትልቅ ካርታ እገዛለሁ፤ ክፍል ውስጥ ያለው በባብ ኤል ማንደብ በኩል ተቀድዷል። እስከዚያው ሰላም ሁኑልኝ።